የ16 ዓመት ልብ፦ የመጀመሪያ ፍቅር ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

ስለ ወጣቶች ፍቅር የሚጻፉ ብዙ ልብ ወለዶችን የሚያበላሻቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ምንም አይገባኝም ነበር።» ዓረፍተ ነገሩ ገጹ ላይ ባይጻፍ እንኳ ከጀርባ ይሰማል። ጸሐፊው አድጓል። ቁስሉ ድኗል። ስለዚህ ታሪኩን ፎቅ ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ ይተርከዋል። አንባቢዋ ግን ገና ታች ናት። ልጁ የተዋት ትናንት ማታ ነው። «ያልፋል» የሚላት መጽሐፍ አትፈልግም፤ እሱንማ ከዘመድ ሁሉ ሰምታዋለች።

ይህ መመሪያ እዚያው ታች ሆናችሁ እንድትጽፉ ነው። ቅደም ተከተሉ እኔ የምሠራበት ነው። አንዳንዱ እርምጃ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዱ በአንድ ምሽት ያልቃል።

1. ዕድሜውን ቁረጡ

«ወጣት» ሰፊ ቃል ነው። በመጽሐፍ ሥራ ውስጥ የወጣቶች ልብ ወለድ የሚባለው ባብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚጻፈው ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ግን ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። በ13 ዓመት ፍቅር ከሩቅ ማየት ነው፤ ስሙ ሲጠራ መደንገጥ ነው። በ17 ደግሞ «ከዚህ በኋላስ?» የሚል ጥያቄ ይገባበታል። ትምህርት ሊያልቅ ነው፤ መለያየት ሊመጣ ነው። ሁለቱን ስሜት አንድ ሰው ላይ አትደርቡ። ልጆች ከራሳቸው ሁለት ሦስት ዓመት ከፍ ስላለ ሰው ማንበብ እንደሚወዱም አትርሱ። ስለ 16 ዓመት ልጅ የጻፋችሁት ታሪክ የ13 ዓመት ልጅ እጅ መግባቱ አይቀርም።

ዕድሜው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ገጽ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። የራሷ ስልክ አላት? ስልኩን ሌላ ሰው ከፍቶ ያየዋል? መኝታ ክፍሏን ከማን ጋር ትጋራለች? ስንት ሰዓት ቤት መግባት አለባት? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ በቀን ውስጥ ብቻዋን የምትሆነው የት ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የታሪኩን ግማሽ ሴራ ትሰጣችኋለች። አዋቂ ሰው ብቻውን መሆን ሲፈልግ በሩን ይዘጋል። ታዳጊ የሚዘጋው የራሱ በር የለውም። ፍቅሩ የሚያድገው ደረጃ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ወንበር ላይ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ በሚበራ ስልክ ነው።

2. ፍቅሩ ሳይመጣ ምን ትፈልግ ነበር?

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። የመጀመሪያ ፍቅር ልብ ወለድ ስለ አፍቃሪው ሰው እንጂ ስለ ተፈቃሪው አይደለም። ጀርመኖች ይህን ዓይነት ታሪክ «ቢልዱንግስሮማን» ይሉታል፤ የሰው መቀረጽ፣ የሰው መታነጽ ልብ ወለድ ማለት ነው። ፍቅሩ መቅረጫው ነው። የሚቀረጸው ግን አስቀድሞ መኖር አለበት።

ማያ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ እንፍጠር። ማያ ትሥላለች። ሥዕሎቿን ለማንም አታሳይም፤ ከሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ነው የምትሥለው፤ ሰው ሲመጣ ትገለብጠዋለች። የምትመኘው አንድ ሰው እንዲያይላት ነው። የምትፈራውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ ኤልያስ የሚባል ልጅ ሲመጣ የሚነካው ይህንን ቦታ መሆን አለበት። መልከ መልካም ስለሆነ አይደለም የምትወደው። ደብተሩን ገልብጦ ስላየባት፣ አይቶም ስላልሳቀ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ኤልያስን ከታሪኩ አውጡት። ማያ አሁንም የምትታገለው ነገር አላት? ካላት ቀጥሉ። ከሌላት ገና ገጸ ባሕሪ አልፈጠራችሁም፤ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው የፈጠራችሁት።

3. ትዝታችሁን ቅዱ፣ ግን ዕቃ ዕቃውን

የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ የሆነው ከሌላው ይልቅ በብዛት ይመጣላቸዋል። ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ምንጩ አልደረቀም። ችግሩ አቀዳዳችን ነው።

20 ደቂቃ ስልካችሁ ላይ ሙሉና ጻፉ። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ የስሜት ስም ክልክል ነው። «ወደድኩ»፣ «አዘንኩ»፣ «ተጨነቅኩ» አይጻፍም። የሚጻፈው ዕቃ፣ ድምፅ፣ ሽታ ነው። የትኛው በር? ምን ዓይነት ጫማ? ማን ሳል ያዘው? የኪስ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ከፊት ወንበር የሚታይ አንገት፣ ስልክ ሲጮህ የሚሰማ የእግር ኮቴ። ይህን በአምስት የተለያዩ ቀናት ድገሙት። ከአምስቱ ገጽ ሁለት ሦስት ነገር ትይዛላችሁ፤ ሌላው ይጣላል።

እዚህ ላይ ስለ አንጎልም አንድ ቃል ልበል፤ ለጽሑፉ ይጠቅማል። በጉርምስና ጊዜ ስሜትንና ደስታን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል በጣም ንቁ ነው። ማመዛዘንን፣ ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አይጨርስም። ስለዚህ ታዳጊዋ «ሞቼ ልገኝ» ስትል እያጋነነች አይደለም። የሚሰማት በዚያው ልክ ነው። እናንተም በዚያው ልክ ጻፉት። ሦስት ቀን መልእክት ካልመጣላት ሦስቱ ቀን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይገባቸዋል።

4. የመጀመሪያውን ትዕይንት በእጅ የሚያዝ ነገር ላይ አሳርፉ

ሁላችንም መጀመሪያ የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ማያ ኤልያስን ስታየው ልቧ በኃይል መታ። ጉልበቷ ከዳት። ዓለም ሁሉ የቆመ መሰላት። እንዲህ ያለ ስሜት ተሰምቷት አያውቅም።»

ውሸት የለበትም። ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ማያን አውጥታችሁ ሌላ ስም ብታስገቡ ምንም አይጎድልም። አሁን ይህን እዩት፦

«ኤልያስ የተዋሰውን እርሳስ መለሰላት። ቀርጾታል። ጠዋት ስትሰጠው ዶልዱሞ ነበር፤ ልቅረጸው እያለች ሦስት ቀን አልፏት። ‹አመሰግናለሁ› አላት፣ ቀና ሳይል፣ ቦርሳውን እየዘጋ። ማያ እርሳሱን ደብተሯ መሃል አስገባችው። መልሳ አወጣችው። ጫፉ እንዳይሰበር ወረቀት ጠቀለለችበት። የዚያን ቀን ሙሉ በእስክሪብቶ ጻፈች።»

«ልቧ መታ» የሚል የለበትም። «ወደደችው» የሚልም የለም። እሷ ራሷ ገና አልገባትም፤ አንባቢዋ ግን ገብቷታል። ይህ ክፍተት ነው ገጹን የሚያስገለብጠው። ደግሞ እርሳሱ አሁን የእናንተ ነው። ልጁ ሲያስቀይማት እርሳሱ ምን ይሆናል? ጓደኛዋ ሳታውቅ ብትጽፍበትስ? አንድ ዕቃ በደንብ ከተያዘ መጽሐፉን ሙሉ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዕቃ ግን አትጨምሩ። አንዱ ይበቃል።

ወረቀት የጠቀለለችበትን መስመር ልብ በሉት። ታዳጊ ስሜቱን በቃል አይናገርም፤ በእጁ ነው የሚናገረው። ሲከብዳችሁ «እጇ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

5. ለልጁም ሕይወት ስጡት

ኤልያስ ማያን ለማስደሰት ብቻ ከተፈጠረ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይሞታል። ማያ ፈጽሞ የማትነሳበት አንድ ገጽ ስለ እሱ ጻፉ። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ማንን ይፈራል? ምን ሲሆን ያፍራል? ገጹ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኤልያስ ዝም ሲል ለምን ዝም እንዳለ ታውቃላችሁ። ማያ አታውቅም። እሱን ማወቅ እንደምትችል፣ ሁሉንም ግን እንደማታውቅ የምትረዳበት ቀን ከመሳሳሙ ይልቅ የሚያሳድጋት ቀን ነው።

6. ቋንቋው

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ፤ አማርኛ ለዚህ ሥራ የተለየ ነገር ስላለው።

አንደኛ፣ «ሄድኩ» ስንል የሚናገረው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። «ሄድክ» እና «ሄድሽ» ስንል ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ታሪኩን በ«እኔ» የምትተርኩ ከሆነ ተራኪውን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ አስቡበት። ተራኪውን ለአንባቢው የሚያስተዋውቀው ያ ሰው ነው። እናት ትሁን፣ ጓደኛ ይሁን፣ ወይስ እሱ ራሱ?

ሁለተኛ፣ ይኸው ሰዋስው ምስጢር ያጋልጣል። ማያ ስልክ እያወራች ነው። እናቷ አጠገቧ ናት። «ነገ ትመጣለህ?» ብትል አበቃላት። ስለዚህ «ነገ እንገናኝ በቃ» ትላለች። ወይም ጨክና «እሺ፣ ነገ ትመጪያለሽ አይደል?» ትላለች፣ ለኤልያስ። ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ ሳቁን አፍኖ «አዎ፣ እመጣለሁ» ይላል። እናቷ ድምፅ አልሰማችም፤ ግን ቀና ብላ አየቻት። ይኼ ትዕይንት በእንግሊዝኛ እንዲህ አይጻፍም። ተጠቀሙበት።

ሦስተኛ፣ «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል። «ወደደ» ለዘፈንም፣ ለጫማም፣ ለእናትም ያገለግላል። «አፈቅርሃለሁ» ደግሞ የመጽሐፍ ቃል ይመስላል፤ በ16 ዓመት ልጅ አፍ ከበድ ይላል። ስለዚህ ወጣቶች ሁለቱንም ይዘሏቸውና «ስትደርሺ ቴክስት አድርጊልኝ» ይላሉ። «በላህ?» ይላሉ። «ምነው ድምፅሽ?» ይላሉ። እውነተኛው የፍቅር ንግግር ይኸው ነው። «እወድሃለሁ»ን ለአንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡት። የሚነገርበት ሰዓት ትክክለኛ እንዳይሆን አድርጉ፤ ወይ በጣም ቀድሞ፣ ወይ ዘግይቶ።

የወቅቱን የሰፈር ቋንቋ በተመለከተ፣ በቁንጥር ብቻ። ዛሬ ሁሉም የሚለው ቃል መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ያረጃል። የንግግሩን ፍጥነት ያዙ፤ ቃላቱን ልቀቋቸው። ታዳጊዎች ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም፤ ሰው ሳይጨርስ ይገባሉ፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ስለ ሌላ ያወራሉ። የስልክ መልእክትም እንዲሁ ነው። ከተላከው ይልቅ ተጽፎ የተሰረዘው ይናገራል። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጥቶ ሲጠፋ፣ መጥቶ ሲጠፋ።

7. አጽሙን አቁሙ

የጊዜውን ገመድ አሳጥሩት። አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ የእረፍት ወቅት ይበቃል። ሳምንቶቹን በወረቀት ላይ አስምሩና ምን መቼ እንደሆነ ሙሉ።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ በእንግሊዝኛ የሚታተሙ የዚህ ዓይነት ልብ ወለዶች ባብዛኛው ከ50,000 እስከ 80,000 ቃላት አላቸው። ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛ አታምጡት። «አልነገርኳትም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእነሱ አምስት ይሆናል። ስለዚህ እኔ ቃል ሳይሆን ትዕይንት ነው የምቆጥረው። 40 ያህል ትዕይንት፣ እያንዳንዱ 1,000 ቃል ገደማ ቢሆን ለመጀመሪያ ረቂቅ ጥሩ ነው።

ከ40ዎቹ ውስጥ አንዱን አበክሬ እነግራችኋለሁ፦ የመጀመሪያው ውሸት። ማያ ለምትወደው ሰው፣ ለእናቷ ወይም ለልብ ጓደኛዋ፣ በፍቅሩ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትዋሽበት ትዕይንት። ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ልጅነት የሚያበቃው እዚያ ጋ ይመስለኛል። ትናንት ሁሉን የሚያውቁላት ሰዎች ዛሬ የማያውቁት ነገር አለ። ውሸቱ ትንሽ ይሁን፤ «ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ» ዓይነት። እናት ታምናት። «ምነው ባላመነችኝ» የሚያሰኝ እምነት ይሁን። «ደክሞሽ ይሆናል፣ ነይ ብይ» ትበላት። ማያ የምትበላበት ያ እራት ሦስት ገጽ ይገባዋል።

ጓደኛዋንም አትርሱ። በፍቅር ወቅት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጓደኝነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከልጁ መለየት ይልቅ ከጓደኛ መራቅ ያማል። ቦታ ስጡት።

8. መቀራረብና ክብር

ገጸ ባሕሪዎቻችሁም፣ አንባቢዎቻችሁም ልጆች ናቸው። ይህን ሳትረሱ ጻፉ። የእጅ ለእጅ መነካካት በደንብ ከተጻፈ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልግ ነገር የለም። አካል መዘርዘር አያስፈልግም፤ እኔ ጨርሶ አልገባበትም።

መጠየቅን አሳዩ። «እጅሽን ልያዝ?» ማለት ውበቱን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ጥያቄውና መልሱ መካከል ያለው ዝምታ የታሪኩ ትልቁ ሰዓት ሊሆን ይችላል። «አይ» ሲባልም «እሺ» የሚል ልጅ ጻፉ።

አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እቆማለሁ። ስልኳን መበርበር፣ ማን ጋር እንደዋለች መቆጣጠር፣ ከጓደኞቿ መለየት ፍቅር ተብሎ አይጻፍ። ቅናት ይኑር፤ ያለ ነው፤ ግን ዋጋውን ታሪኩ ያሳይ። ይህን መጽሐፍ የምታነበው ልጅ ፍቅር ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትማረው ከእናንተ ገጽ ሊሆን ይችላል።

9. አዋቂዎቹ

በአጭሩ፦ ሞኝ አታድርጓቸው፤ ክፉም አታድርጓቸው። አባትየው ሲከለክል ምክንያቱ እውነት ይሁን። ደግሞም ችግሩን እነሱ እንዳይፈቱት። የመጨረሻውን ውሳኔ ማያ ብቻዋን ካልወሰነች አላደገችም። አያት መጥተው ጥበብ የሚናገሩበትን ገጽ ጽፋችሁ ከሆነ፣ አውጡት።

10. አጨራረስ

ሁለቱ አብረው ይቅሩ ወይስ ይለያዩ? እኔ ይህን መጨረሻ ላይ ነው የምወስነው። የሚመለሰው ጥያቄ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ያስቀመጣችሁት ነው። ማያ ሥዕሏን አሳየች? ካሳየች፣ ኤልያስ ቢሄድም መጽሐፉ አልቋል። ካላሳየች፣ ተቃቅፈው ቢቆሙም አላለቀም።

መለያየት ከሆነ ተስፋ ይኑርበት፤ ግን በቃል አትናገሩት። ወረቀት የተጠቀለለበት እርሳስ አለ አይደል? አንድ ቀን ማያ ወረቀቱን ትፈታዋለች። ጫፉ አሁንም ስል ነው። መሣል ትጀምራለች። ይደነዝዛል። ትቀርጸዋለች፣ በራሷ። ልጣጩ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። እዚያ ጋ ብትቆሙ ማንም «ከዚያስ?» አይላችሁም።

11. እርማት

ረቂቁን ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እስክሪብቶ ይዛችሁ እነዚህን ፈልጉ፦ «ያኔ አላወቅኩም ነበር»፣ «በኋላ ሲገባኝ»፣ «ልጅነት እንዲህ ነው»። ሁሉም ይሰረዙ። ከፎቅ የሚመጡ ድምፆች ናቸው። ቀጥሎ ምዕራፍ የሚዘጉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሮችን እዩ። ስሜቱን የሚያብራሩ ከሆነ ቁረጧቸው፤ ምዕራፉ ከእነሱ በፊት አልቋል።

በመጨረሻ ለአንድ ታዳጊ ስጡ። «ወደድሽው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለማስደሰት ስትል አዎ ትላለች። «የት ጋ አቆምሽ? የት ጋ ዘለልሽ?» በሏት። እኔ ረቂቄን ለ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሰጥቻት ነበር። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ፤ አንዱ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል፦ «አክስቴ፣ እዚህ ጋ እኮ እንደ እናቷ ነው ያወራሽው።» አነበብኩት። አራት መስመር ነበር፤ በጣም የምወዳቸው አራት መስመሮች። ሰረዝኳቸው።